ፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የስንት ሰው ገመና አየሁ

ሰባ ደረጃ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የቤት ኪራይ ውል ለማሳተም ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ልጅቷ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሥራ በዝቶባታል። አንዱ ጉርድ ፎቶ ይጠይቃል፣ ሌላዋ ሲቪ ታስተካክላለች፣ በሩ ላይ ሦስት ሰው ቆሟል። እንደተለመደው "በቴሌግራም ላክልኝ" አለችኝ። ላኩላት። ከዚያ ማውሱን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ "ራስህ ፈልገህ ክፈተው፣ ዳውንሎድ ውስጥ ነው" አለች።

ፎልደሩን ከፈትኩት። የእኔ ፋይል ከላይ ነበር። ከሥሩ ያለው ግን ማለቂያ የለውም። ፓስፖርት። የቀበሌ መታወቂያ ፊትና ጀርባ። ፋይዳ። የልደት ሰርተፍኬት። የላብራቶሪ ውጤት ከነስሙ። የባንክ ስቴትመንት። ሁሉም በትንንሽ ሥዕል ተደርድሮ ስለሚታይ መክፈት እንኳ አያስፈልግም። ቀኑን አየሁ፤ ከዓመት በላይ የቆየ አለ።

አንዱን አነበብኩት። ሆን ብዬ አይደለም። ስሙን ስለማውቀው ዓይኔ ያዘው። የሰፈራችን ሰው ናት። የፍቺ አቤቱታ ነው። ሁለት መስመር አንብቤ ዘጋሁት፤ ሁለት መስመሩ ግን በቂ ነበር። በነጋታው ጠዋት ዳቦ ቤት አገኘኋት። "እንደምን አደርሽ" ስላት ዓይኗን ማየት አቃተኝ። እሷ ምንም አታውቅም። ወረቀት ለማሳተም አምስት ደቂቃ ገብታ ወጣች። ትዳሯ ግን እዚያ ኮምፒውተር ላይ ቀረ።

እኛ ስለ ኢንተርኔትና ስለ ግል ሕይወት ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ስለ ስለላና ስለ ፌስቡክ ነው። እሱም መወራት አለበት። ግን አሁን አዋጅ አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016። ምክር ቤቱ መጋቢት 26 ቀን 2016 ሲያጸድቀው ከልቤ ነበር ደስ ያለኝ። ያ አዋጅ ሦስት በሦስት ወደሆነችው ክፍል እንዴት ነው የሚገባው? የሱቅ ባለቤቶች፣ ሕግ የምታውቁ፣ ኮምፒውተር የምታውቁ፣ ሐሳባችሁን ጻፉ። የምጠይቀው እውነት ግራ ገብቶኝ ነው።


ቶነር፦

ሰባ ደረጃ፣ እውነቱን ልንገርህ፤ ጽሑፍህን ሳነብ መጀመሪያ የተናደድኩት በአንተ ነው። ስታዲየም አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ከከፈትኩ 11 ዓመቴ ነው። ሌባ የተባልኩ መሰለኝ። ከዚያ ግን ተነሥቼ የራሴን ኮምፒውተር አየሁ። ከ4 ሺህ በላይ ፋይል አለ። ግማሹን ማን እንደላከው አላውቅም።

የምናስቀምጠው ለክፋት አይደለም። ደንበኛ ተመልሶ ይመጣል። "ባለፈው የላኩልህን ሲቪ ድገምልኝ" ይላል። አጥፍቼዋለሁ ካልኩት ቅር ይለዋል። ሌላ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ አናጠፋም።

አንድ ነገር ደግሞ አሁን ነው የገባኝ። ድሮ ሰው በፍላሽ ነበር ይዞ የሚመጣው። ፍላሽ ኮምፒውተራችንን በቫይረስ ፈጅቶታል። ግን ሰውየው ሲጨርስ ነቅሎ ኪሱ ይከተው ነበር። ፋይሉ አብሮት ይሄዳል። ከቴሌግራም ወዲህ ነው ሁሉም እኛ ጋ የሚቀረው። የቴሌግራም ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ለራሱ ፎልደር ይከፍትና የወረደውን ሁሉ እዚያ ያከማቻል። እናንተ ቻቱን ከስልካችሁ ብታጠፉት እንኳ የወረደው ኮፒ አይነካም።

ሌላም አለ። ሰው ቴሌግራሙን ወይም ኢሜሉን እኛ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶ ሳይዘጋ ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ሦስቴ ያጋጥመኛል። እኔ እዘጋላቸዋለሁ። ሁሉም ሰው ግን አይዘጋም። እባካችሁ ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ ቴሌግራም ሴቲንግ ግቡና ዲቫይስ የሚለውን ተመልከቱ። የማታውቁት ኮምፒውተር እዚያ ካለ አስወጡት።


ሚጣ 6 ኪሎ፦

ሰላም። ተማሪ ነኝ። የሴትዮዋ ነገር በጣም ያሳዝናል፤ ስለ እሱ አልከራከርም። ግን ስለ መታወቂያና ስለ ፓስፖርት ትንሽ የተጋነነ ይመስለኛል። መታወቂያዬን ቢያዩት ምን ይሆናል? ስሜና ፎቶዬ ነው። እኔ የምደብቀው ነገር የለኝም። ቲክቶክ ላይ ቀኑን ሙሉ የምለጥፈው እኔው ነኝ። አገሩ ስንት ችግር እያለበት ይኼ ትልቅ ጉዳይ ነው?


የአፍንጮ በሯ፦

ሚጣ ልጄ፣ በዕድሜ እናትሽ እሆናለሁና አትቀየሚኝ።

እኛ ቤት በሩ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። ቡና ሲፈላ ማንም ይጠራል። በሩ ላይ ግን መጋረጃ አለ። የሰቀልኩት የምደብቀው ወንጀል ኖሮኝ አይደለም። የሚመጣው ሰው "ቤቶች!" ብሎ፣ ድምፁን አሰምቶ እንዲገባ ነው። እስኪገባ እኔ ነጠላዬን አስተካክላለሁ። የተጣላሁ ከሆነ ፊቴን እጠርጋለሁ።

አንቺ ቲክቶክ ላይ የምትለጥፊውን ራስሽ መርጠሽ ነው። የማያምርብሽን ታጠፊዋለሽ። ያቺ ሴት የፍቺ ወረቀቷን መርጣ አልለጠፈችም። መጋረጃዋን ሰው ገለጠባት። ሰባ ደረጃ ደግ ልጅ ሆኖ ዝም አለ እንጂ ሌላ ሰው ቢሆን እስከ ማታ ሰፈሩ ያውቀው ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የነፍስ አባቴ 30 ዓመት ኃጢአቴን ሰምተዋል። አንድ ቀን ለሰው ትንፍሽ ብለው አያውቁም። ቶነር፣ አንተም ልጄ ሳታስበው የሰው ምስጢር ተቀባይ ሆነሃል። አደራ ተጥሎብሃል፤ እንደ አደራ ያዘው።


አንቀጽ 26፦

እትዬ፣ እኔ በሦስት ገጽ የማልለውን እርስዎ በመጋረጃ ጨረሱት።

ሕግ ላይ ነው የምሠራው። ለሰባ ደረጃ ጥያቄ የምችለውን ያህል ልመልስ።

የመድረክ ስሜን ያወጣሁት በ1987 ከጸደቀው ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብትን ይደነግጋል። ማንም ሰው የሚጽፈውና የሚጻጻፈው፣ በፖስታም በስልክም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም የሚያደርገው ግንኙነት አይደፈርም ይላል። በዚያ ዘመን እንዲህ ተብሎ መጻፉ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ኢንተርኔት አገራችን የገባው እኮ ከዚያ በኋላ በ1989 ነው። ግን አንቀጹ ይበልጥ የሚያስበው ስለ መንግሥት ባለሥልጣን እጅ ነው። ባንኩ፣ ሆስፒታሉ፣ አሠሪው፣ ሱቁ የያዘውን የሰው መረጃ በዝርዝር የሚገዛ ሕግ ለረጅም ጊዜ አልነበረንም። አዋጅ 1321 የሞላው ይህን ክፍተት ነው።

ፍሬ ነገሩን በቀላሉ ልንገራችሁ። የሰው መረጃ ስትይዝ ሕጋዊ ምክንያት ይኑርህ። ለምን እንደያዝከው ለባለቤቱ ንገረው። ለዚያ ለነገርከው ዓላማ ብቻ ተጠቀምበት። ከሚያስፈልግህ በላይ አትሰብስብ። ሥራው ሲያልቅ አታቆየው። ባለቤቱ "አሳየኝ" ሲል አሳየው፣ "ተሳስቷል" ሲል አርመው፣ "አጥፋልኝ" ሲልም ስማው። የጤና መረጃና አሻራን የመሰሉት ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ አላቸው። መረጃው ሾልኮ ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ማሳወቅ አለ። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህ ሐሳብ በዓለም አዲስ አይደለም። የመጀመሪያውን የዳታ ጥበቃ ሕግ ያወጣው የጀርመኑ የሄሰን ግዛት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1970። ያኔ ኮምፒውተር ማለት ክፍል ሙሉ የሚይዝ ማሽን ነበር። የሚገኘውም በመንግሥት መሥሪያ ቤትና በትልልቅ ድርጅቶች ነው። ስለዚህ ሕጉ በሐሳቡ የያዘው እነዚያን ነበር። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እ.ኤ.አ. በ2018 ሥራ ላይ ሲውል፣ ኬንያ በ2019 የራሷን ስታወጣ፣ ኮምፒውተሩ ኪስ ውስጥ ገብቷል። የእኛ ሕግ ደግሞ የወጣው ያ የድሮ ትልቅ ማሽን የሚሠራውን ሁሉ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት በሚሠራበት ዘመን ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 24 አገልግሎት ሰጪ የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆይ ያዛል። ትራፊክ ዳታ ማለት የተባለው ነገር አይደለም፤ ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ነው። ስለዚህ አንዱ አዋጃችን አታቆይ ሲል ሌላው አቆይ ይላል። ለወንጀል ምርመራ ነው፣ ምክንያት አለው። እኔ ግን የሁሉንም ሰው፣ ያልተጠረጠረውንም ጭምር፣ ዓመት ሙሉ መያዝ ይበዛል እላለሁ። ይህ የእኔ አቋም ነው።


ቶነር፦

አንቀጽ 26፣ አመሰግናለሁ፤ ግን ፈራሁ። እኔና አንዲት ሠራተኛዬ ነን። 72 ሰዓት፣ ተቆጣጣሪ፣ ምናምን ስትል ለእኛ ምንድን ነው? ነገ አንዱ መጥቶ በዚህ አዋጅ ቀጣሁህ ቢለኝ ሱቁን ከመዝጋት ሌላ ምርጫ የለኝም። ኪራዩን ታውቁታላችሁ። ፒያሳ የነበሩ ጓደኞቼ ሰፈሩ ሲፈርስ ሥራቸውን ከዜሮ ነው የጀመሩት።


አንቀጽ 26፦

ፍርሃትህ ትክክል ነው፤ አላቃልለውም። ከእንዳንተ ዓይነቱ ቤት በቅጣት መጀመር ስሕተት ነው ባይ ነኝ። የሚያስፈልገው ገጽ ተኩል የማይሞላ፣ በአማርኛ የተጻፈ፣ ለትንንሽ ሱቆች የሚሆን መመሪያ ነው። ንግድ ፈቃድ ሲታደስ በእጅ ቢሰጥ ማን ይጎዳል? ላንተ ግን አሁን ያልኩትን ሁሉ ረስተህ አንዷን ያዝ፤ ሥራው ሲያልቅ አታቆየው።


አሮጌ ፍሎፒ፦

ልጆች፣ እኔም ልግባ። ለገሃር አካባቢ አንድ መሥሪያ ቤት ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኮምፒውተር ላይ ሠርቻለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ስለ ድሮው የማነሣው ለናፍቆት አይደለም፤ የዛሬውን ነገር ስለሚያስረዳ ነው።

ያኔ የእኛ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። ኮምፒውተሩ ለፊደል የነበረው ቦታ 256 ብቻ ነው፤ ያም ለላቲን ፊደል የተሰናዳ። የእኛ ፊደል ከነቁጥሩና ከነነጥቡ እዚያ አይበቃውም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሶፍትዌር ሠሪ በራሱ መንገድ "ሀ"ን እዚህ፣ "ለ"ን እዚያ አስቀመጠ። አንዱ በፓወር ግእዝ የጻፈውን ደብዳቤ ሌላው በቪዥዋል ግእዝ ሲከፍተው ምልክት ብቻ ይሆንበታል። ስንት ሌሊት ፋይል ስንቀይር አድረናል! ይህ የተቃለለው ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ሰንጠረዥ ውስጥ፣ ሲገባ ነው። ለዚያ የደከሙ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል። ከዓመታት በኋላ ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፊደል ይዞ ሲመጣ፣ ምንም ሳንጭን አማርኛ ስናነብ እንባዬ መጥቶ ነበር።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ከፊደሉ ሌላ ትልቁ ራስ ምታታችን ስም ነበር። የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ያንኑ ሰው አንዱ መዝገብ "ኃይሉ" ይለዋል፣ ሌላው "ሀይሉ"፣ ሦስተኛው "ሐይሉ"። በእንግሊዝኛ ሲጻፍማ ለአንዱ ስም አምስት ዓይነት አጻጻፍ አለ። የልደት ቀኑም አንዱ ጋ በእኛ፣ ሌላው ጋ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ የጡረታ መዝገቡን ከደመወዝ መዝገቡ ጋር ማገናኘት ወራት ይፈጅብን ነበር። አለቆቻችን ይቆጡ ነበር፤ እኛም እንማረር ነበር።

የእትዬን ጽሑፍ ሳነብ ነው ነገሩ የበራልኝ። ያ ያማረረን ችግር መጋረጃም ነበር። ማንም ተነሥቶ የአንድን ሰው ሕመም፣ ዕዳ፣ ቤትና ስልክ በአንድ ቁልፍ መሰብሰብ አይችልም ነበር። ያልቻለው ሕግ ስለከለከለው አይደለም። መዝገቦቹ ስላልተግባቡ ነው።

አሁን ይግባባሉ። ፋይዳ ለአንድ ሰው አንድ ቁጥር ይሰጣል፣ 12 አሃዝ። አሥር ጣት አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወሰዳል። ሥርዓቱ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ውስጥ በተጀመረ ክፍት ሶፍትዌር ላይ ነው፤ ማንም ባለሙያ ኮዱን ማየት ይችላል፣ ይህን እወደዋለሁ። የራሱም ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 1284/2015። ብሔርና ሃይማኖት አይጠይቅም። ድሮ የቀበሌ መታወቂያችን ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበር፤ ያ መስመር ሰውን ምን እንዳደረገው ዕድሜ ያለው ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ እኔ ፋይዳን አልቃወምም። ጡረተኛ ሰው ወረፋው ቢያጥርለት የሚጠላ የለም።

ግን ኔዘርላንድስ የሆነውን ልንገራችሁ። ያች አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት በጣም የተደራጀ የነዋሪ መዝገብ ነበራት። የእያንዳንዱ ሰው ካርድ ላይ ሃይማኖቱ ተጽፏል። ለክፋት አልነበረም፤ ለአስተዳደር ይበጃል ተብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1940 ናዚዎች አገሩን ያዙ። መዝገቡን ያገኙት ተሰናድቶ ነው። ከ140 ሺህ ገደማ አይሁዳውያን ከ100 ሺህ በላይ ተገደሉ። መጋቢት 27 ቀን 1943፣ በፈረንጅ፣ ጥቂት አርበኞች የፖሊስ ልብስ ለብሰው አምስተርዳም የሚገኘውን የነዋሪዎች መዝገብ ቤት በእሳት አያያዙት። ያቃጠሉት በከፊል ብቻ ነው። ብዙዎቹ ተይዘው ተረሸኑ። ሰው የወረቀት ካርድ ለማቃጠል ነፍሱን ሰጠ። እኔ መረጃ ምን ያህል እንደሚከብድ የገባኝ ያን ቀን ታሪኩን ሳነብ ነው።

መዝገቡን ያሰናዳው ሰውና መዝገቡን የሚጠቀምበት ሰው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ስንት ቁልፍ አለው ከማለት በፊት "ይኼን ለምን ያዝነው?" ማለት ይቀድማል። ለትልቁ መዝገብም፣ ለቶነር ፎልደርም።

ቶነር፣ ለአንተ ሥራ የሚሆን ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፋይል ስታጠፋ መጀመሪያ ሪሳይክል ቢን ነው የሚገባው። እሱንም ባዶ አድርገው። ከዚያም በኋላ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ዲስኩ ላይ ሊቆይ ስለሚችል፣ ኮምፒውተሩን ስትሸጥ ሃርድ ዲስኩን አብረህ አትሽጥ። ሁለተኛ፣ ትልልቆቹ ኮፒ ማሽኖች ብዙዎቹ ውስጣቸው ሃርድ ዲስክ አላቸው። የምታነሣውን ኮፒ ምስሉን ሊያስቀሩት ይችላሉ። ያገለገለ ማሽን ስትገዛም ስትሸጥም ይህን አስብ።


መስኮት 4፦

ጋሼ፣ ጽሑፍዎን ሁለቴ ነው ያነበብኩት።

እኔ ባንክ ውስጥ ነው የምሠራው። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ይህን ክር ካነበብኩ ጀምሮ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ዋለ። ቶነርን ሁላችንም እየመከርነው ነው። ግን ሰውን ወደ ቶነር የላከው ማን ነው? እኛ ነን።

ከ2017 ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳ ግዴታ ነው። ቁጥሩን አስገባለሁ፤ ስልኩ ላይ ኦቲፒ፣ ማለትም ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የማረጋገጫ ቁጥር፣ ይመጣለታል፤ ይነግረኛል፤ ስሙና ፎቶው ስክሪኔ ላይ ይወጣል። ማንነቱ ተረጋገጠ። በዚህ ማብቃት ነበረበት። እኔ ግን ምን እላለሁ? "መታወቂያዎን ኮፒ አድርገው ይምጡ።" ሰውየው መንገድ ተሻግሮ ፎቶ ኮፒ ቤት ይገባል። እዚያ አንድ ኮፒ ይቀራል፤ እኛ ጋ አንድ ኮፒ በፋይል ይታሰራል። አለቃዬን ለምን እንደሚያስፈልግ ጠየቅኳት። "ኦዲት ይጠይቃል" አለችኝ። ኦዲተሩን ደግሞ ማንም አልጠየቀውም።

ወረዳ ሂዱ፣ ኮፒ። ሥራ ለመወዳደር፣ ኮፒ። ቤት ለመከራየት ለደላላው ሳይቀር ኮፒ። የቶነር 4 ሺህ ፋይል የተሰበሰበው በቶነር ፍላጎት አይደለም። እያንዳንዱ ፋይል ጀርባ "ኮፒ አምጣ" ያለ አንድ መስኮት አለ። አዋጁ መጀመሪያ መድረስ ያለበት እኛ መስኮት ላይ ነው።

እስከዚያው አንድ ልማድ ላካፍላችሁ። ኮፒ ስትሰጡ በእስክሪብቶ ፎቶው ላይ ነካ አድርጋችሁ፣ ቁጥሩን ሳትሸፍኑ፣ አግድም ጻፉበት። "ለሒሳብ መክፈቻ ብቻ" ብላችሁ ቀኑን አስቀምጡ። ያ ወረቀት ሌላ ቦታ ለሌላ ነገር ቢቀርብ ያሳብቃል። እኔ መስኮት ላይ እንዲህ አድርጎ የሰጠኝን ሰው አንድም ቀን አልመለስኩም።


ሚጣ 6 ኪሎ፦

ከትናንት ጀምሮ ዝም ያልኩት እያሰብኩ ነው።

የምደብቀው የለኝም ብዬ ነበር። እትዬ ስለ መጋረጃ ሲጽፉ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ዓምና ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ ለልምምድ ሥራ ልጠይቅ ገባሁ። በሩ ላይ ጥበቃው መዝገብ ሰጠኝ፤ ስም፣ ስልክ፣ የምትሄጂበት ቢሮ። ጻፍኩ። ከእኔ በላይ የተጻፉት ሁሉ ስማቸውና ስልካቸው ፊት ለፊቴ ነበር። ማታ አንድ የማላውቀው ሰው ደወለልኝ። ስሜን ያውቃል። የሄድኩበትን ቢሮ ያውቃል። "ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ ነበር" አለኝ። ሦስት ሳምንት ደወለ። መጨረሻ ላይ ሲም ካርዴን ቀየርኩ። ለቤተሰቤ ስልኬ ተበላሸ ነው ያልኳቸው።

ያኔ የእኔ ዕድል መጥፎ ሆነ ብዬ ነው ያለፍኩት። ከዚህ ጋር የሚገናኝ አልመሰለኝም። ስሜና ስልኬ ነበር እኮ፣ ሌላ ምንም አይደለም።


የአፍንጮ በሯ፦

አይዞሽ ልጄ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ለእናትሽ ንገሪያት ግን፤ ብቻሽን አትያዢው።


ሰባ ደረጃ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሚጣ፣ ያን ስለጻፍሽ በተለይ።

ዛሬ ወደዚያ ፎቶ ኮፒ ቤት ተመለስኩ። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲቀንስ ጠብቄ ነው የሄድኩት፤ ልጅቷን ሰው ፊት ላሳፍራት አልፈለግኩም። ያየሁትን ነገርኳት፤ የሴትዮዋን ነገር ብቻ ተውኩት። ደነገጠች። "እኔ እኮ አንድ ቀን ከፍቼ አይቼ አላውቅም" አለች፤ አመንኳት። ግን ከኋላዋ ስንት ሰው ማውሱን እንደያዘ አስባ እንደማታውቅ ነገረችኝ። ባለቤቱ ጋ ደወለች። "አጥፊው፣ ምን ያደርግልናል" አላት። አብረን ቁጭ ብለን አጠፋን። የጠፋው 17 ጊጋ ነው። ጋሼ እንዳሉት ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አደረግን። ከዚያ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ስቶሬጅ ሴንስ የሚባለውን ከፍተን፣ ዳውንሎድ ፎልደር ውስጥ አንድ ቀን ሳይከፈት የቆየ ፋይል ራሱ እንዲያጠፋ አደረግነው። ቶነር፣ ያንተም ላይ አለ፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስንጨርስ ግን ልጅቷ ያለችኝ ነገር መልስ አጣሁለት። "ነገ ደንበኛ የት አደረሽው ሲለኝ ምን ልበለው?" አለችኝ።


ቶነር፦

እኔም የከበደኝ ይኼው ነው። ማጥፋቱ ቀላል ነው፤ አመሉን ማስለመዱ ነው። ለዚህ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ልለጥፍ አስቤያለሁ። ቅር የሚለው ደንበኛ አስቀድሞ አንብቦት ከሆነ ከእኔ ጋር አይጣላም። እንዲህ ጽፌዋለሁ፤ አርሙልኝ።

"ውድ ደንበኞቻችን፤ የላካችሁልንን ፋይል አትመን ስንጨርስ ፊት ለፊታችሁ እናጠፋለን። እንዲቀመጥላችሁ ከፈለጋችሁ ንገሩን። ካልነገራችሁን አናስቀምጥም። ቴሌግራም ወይም ኢሜል እዚህ ከከፈታችሁ ሳትሄዱ ዝጉ።"


አንቀጽ 26፦

በጣም ጥሩ ነው። "እንዲቀመጥላችሁ ከፈለጋችሁ" የሚለው ላይ ቀን ጨምርበት፤ እስከ 7 ቀን በል። ቀን ካልተቆረጠለት ተመልሶ 4 ሺህ ይሆናል። የሰባ ደረጃዋ ልጅም ይህንኑ ትለጥፈው። ሌላው የምታውቁት ቤት ሁሉ ይውሰደው።


መስኮት 4፦

እኔም ለአለቃዬ በጽሑፍ አቅርቤያለሁ። ኦቲፒ ለተረጋገጠለት ሰው ኮፒ ይቅር የሚል አንድ ገጽ ነው። እስካሁን መልስ የለም። ሲመጣ እዚህ እጽፋለሁ።


የአፍንጮ በሯ፦

ቶነር፣ ፊደሉን ተለቅ አርገው። እኔ ያለ መነጽር ላንበበው። ደግሞ ውስጥ ግድግዳው ላይ ብቻ ሳይሆን በሩ ላይም ለጥፈው፤ ወረፋ ስንጠብቅ የምናየው እሱን ነው።


ቶነር፦

እሺ እትዬ። በኤ3 አትመዋለሁ። ጠዋት ሱቁን ስከፍት መጀመሪያ እሱን ነው የምለጥፈው።